1.65 በ1.80፦ ጥልቅ ኪል ያለውን ባለ ሸራ ጀልባ በቦይ የማሳለፍ መመሪያ

ባለፈው ክረምት እዚህ ጅማ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ቡና ልንጠጣ በተቀመጥንበት፣ አንድ የሰፈራችን ልጅ ስልኩን አውጥቶ የጀልባ ፎቶግራፍ አሳየኝ። የመርከብ ሥራ ትምህርቱን ባሕር ዳር ጨርሶ የመጣ ልጅ ነው። ጀልባዋ 10 ሜትር ተኩል ርዝመት ያላት ባለ ሸራ ናት። ባለቤቷ ከሰሜን ፈረንሳይ ከለ አቭር ወደብ ተነሥተው አገሩን በወንዝና በቦይ አቋርጠው ሜዲትራንያን ባሕር እንዲያደርሱለት እርሱንና ሌሎች ሁለት ሰዎችን ቀጥሯል። «ጋሼ፣ ኪሏ 1.65 ሜትር ይወርዳል፤ ቦዩ ደግሞ 1.80 ነው ይላሉ። 15 ሳንቲሜትር ይበቃል?» አለኝ።

ይበቃል፣ ከያዙት። ችግሩ 15 ሳንቲሜትር እንደ ዝርዝር ገንዘብ ሳይታወቅ ያልቃል። ጥቂቱን ጓዝ ይወስደዋል፣ ጥቂቱን ደለል፣ የቀረውን ደግሞ ችኮላ። ይህን መንገድ በሠራተኛነት ሦስት ጊዜ አልፌዋለሁ፤ ለልጁ የነገርኩትን ሌላም ሰው ይጠቀምበት ብዬ በተራ በተራው አስፍሬዋለሁ።

ለማያውቀው ሰው፣ ኪል ማለት ከጀልባው ሆድ በታች ወደ ውሃው የሚወርድ የብረት ወይም የእርሳስ ክንፍ ነው። ነፋስ ሸራውን ሲገፋ ጀልባው እንዳይገለበጥና ወደ ጎን እንዳይንሸራተት የሚይዘው እርሱ ነው። ከውሃው ገጽ እስከ ኪሉ ጫፍ ያለውን ልክ መርከበኞች ድራፍት ይሉታል፤ እኔም እንዲሁ እላለሁ።

መንገዱን በኪሉ ልክ መምረጥ

የፈረንሳይ ትናንሽ ቦዮች ልክ የተወሰነው እ.ኤ.አ. በ1879 በወጣ ሕግ ነው። በዘመኑ የሕዝብ ሥራዎች ሚኒስትር በነበረው በሻርል ደ ፍሬሲኔ ስም «የፍሬሲኔ ልክ» ይባላል። 38.5 ሜትር ርዝመት፣ 5.05 ሜትር ስፋትና 1.80 ሜትር ድራፍት ያለው የጭነት ጀልባ እንዲያልፍ የታሰበ ነው። ቦዩ ሲቆፈር ከዚያ ጠለቅ ይል ነበር፤ ከመቶ ዓመት በላይ ግን ደለል ሲገባበት፣ የዳር ዛፎችም ቅጠላቸውን ሲያራግፉበት ኖሯል። የጭነት ጀልባ አዘውትሮ የሚያልፍበት ቦይ መሐል መሐሉ ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ የማይሄድበት ቀስ በቀስ ይሞላል። ስለዚህ የቦዩን ልክ ስትጠይቁ፣ «ጭነት ዛሬም ያልፍበታል?» የሚለውንም አብራችሁ ጠይቁ።

ከሴን ወንዝ ወደ ደቡብ የሚወስዱት መንገዶች ዋና ዋናዎቹ ሦስት ናቸው። የቡርጎኝ ቦይ 242 ኪሎ ሜትር ሲሆን 189 ኤክሉዝ አለው። ኤክሉዝ ከፍ ያለውን ውሃ ከዝቅተኛው የሚያገናኝ፣ በፊትና በኋላ በር ያለው ክፍል ነው፤ ጀልባው ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ ውሃው ይሞላል ወይም ይጎድላል። ቡርጎኝ ውበቱ ልብ ይሰርቃል፤ ጥልቅ ኪል ላለው ግን አልመክረውም። ሁለተኛው በሉዋንግ፣ በብሪያርና በሎዋር ዳር ቦዮች የሚዞረው መንገድ ነው፤ ከፊሉ ከ1.80 ያነሰ ነው። ሦስተኛው በማርን ወንዝ በኩል ወጥቶ የሻምፓኝና የቡርጎኝን ምድር የሚያገናኘው ቦይ ሲሆን 224 ኪሎ ሜትርና 114 ኤክሉዝ አለው። 1.65 ለያዘች ጀልባ እኔ የምመርጠው ይህንን ነው። ከአትላንቲክ በኩል የሚመጣ ሰው በታዋቂው የሚዲ ቦይ ማለፍ ይመኛል። ፒየር ፖል ሪኬ እ.ኤ.አ. ከ1666 እስከ 1681 ያሠራው፣ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ድንቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ከ1.40 የሚበልጥ ድራፍት ይዛችሁ ባትገቡ ይሻላል። የምትነሡበት ሴን፣ ሦስቱ መንገዶች የሚያደርሱት ሶንና ከዚያ ወደ ባሕሩ የሚያወርደው ሮን ትልልቅ መርከብ የሚሄድባቸው ወንዞች ስለሆኑ በዋናው መስመር ላይ ለኪሉ አትሰጉ።

ጊዜውም እንደ መንገዱ ያስፈልጋል። በክረምታቸው ወንዞቹ ይሞላሉ፤ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ውሃ ያጥራል፣ አረሙም ይበዛል። እኔ የምመርጠውን የሦስተኛውን ቦይ ከፍተኛ ክፍል የሚመግቡት በላንግር ከተማ አካባቢ ያሉ አራት የውሃ ማጠራቀሚያዎች ናቸው። የግልገል ጊቤ ውሃ በበጋ ዳርቻውን ለቅቆ ሲሸሽ ያየ የጅማ ሰው ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም፤ ማጠራቀሚያው ሲጎድል ቦዩም ይጎድላል። እ.ኤ.አ. በ2022 በደረሰው ድርቅ በርካታ ቦዮች ተዘግተው ነበር። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ሰኔ ያለው ጊዜ የተሻለ ነው። ከመነሣታችሁ በፊት የፈረንሳይ የውሃ መንገዶችን የሚያስተዳድረው ቬ ኤን ኤፍ የሚያወጣቸውን ማስታወቂያዎች ተመልከቱ፤ የትኛው ኤክሉዝ ለጥገና እንደሚዘጋ፣ የተፈቀደው ድራፍት የት እንደተቀነሰ በየጊዜው ይገለጻል። የማለፊያ ክፍያውም የሚፈጸመው ለዚሁ ድርጅት ነው። የመሪው ሰው የመንጃ ፈቃድ የአገር ውስጥ ውሃ ሕግን፣ ማለትም ሴቭኒን የሚጨምር መሆኑን አረጋግጡ።

ጀልባዋን በእጃችሁ ለኩ

የፋብሪካ ወረቀት የሚነግራችሁ የባዶ ጀልባ ድራፍት ነው። ጀልባዋ ከውሃ ወጥታ በምትቆምበት ጊዜ ውሃው ያሰመረባትን መስመር ፈልጉና ከዚያ እስከ ኪሉ ታችኛ ጫፍ በሜትር ለኩ። ከኪሉ የፊትና የኋላ ጫፍ የትኛው እንደሚወርድ ደግሞ እዩ። በብዙ ጀልባዎች የኋላው ዝቅ ይላል። እንዲህ ከሆነ ከባድ ዕቃ ወደፊት ሲዛወር የኋላው ጫፍ ጥቂት ከፍ ይላል፤ መሪው፣ ማለትም ጀልባዋን የሚያዞረው ከኋላ ያለው ክንፍ፣ ከኪሉ በላይ መቅረቱን ግን ሳታረጋግጡ አታድርጉት።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። የባሕር ውሃ ጨዋማ በመሆኑ ከወንዝ ውሃ በ2.5 በመቶ ገደማ ይከብዳል፤ ስለዚህ ጀልባ ከባሕር ወደ ወንዝ ሲገባ ትንሽ ይሰጥማል። 6 ቶን ለምትመዝን ጀልባ አንድ ሳንቲሜትር ያህል ቢሆን ነው። ዋናው ነገር ጓዝ ነው። ይህችን የምታህል ጀልባ ውሃው ላይ የምትይዘው ቦታ 20 ካሬ ሜትር ገደማ ስለሆነ 200 ኪሎ ሲጨመርባት አንድ ሳንቲሜትር ትወርዳለች። በእኛ አገር በቡናው ሚዛን 12 ፈረሱላ መሆኑ ነው። ልጁን «አሥራ ሁለት ፈረሱላ ባወረድክ ቁጥር አንድ ሳንቲሜትር ታተርፋለህ» አልኩት፤ ወዲያው ገባው፤ ያደገው ቡና ሲመዘን እያየ ነው።

የሚወርደውን ቁጠሩ። 50 ሜትር የሆነ የ10 ሚሊሜትር የመልሕቅ ሰንሰለት ከ110 ኪሎ በላይ ነው። 300 ሊትር የውሃ ታንክ 300 ኪሎ ነው፤ በየመንደሩ ውሃ ስለሚገኝ ከሩብ በላይ አትሙሉት። ሸራዎቹ፣ የሕይወት አድን ጀልባው፣ ትርፍ መልሕቆች በጭነት መኪና ወደ መድረሻው ቢላኩ ይመረጣል። እንዲህ አድርጋችሁ 3 ሳንቲሜትር ታተርፋላችሁ። ከ15ቱ ላይ የሚጨመር 3 ሳንቲሜትር ቀላል አይደለም።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ ነዳጁን ለማቅለል ብላችሁ ታንኩን አታራቁቱ። ዝቃጩ ወደ ሞተሩ ይገባል።

ምሰሶውን ማውረድ

ድልድዮቹ ከውሃው እስከ 3 ሜትር ተኩል ብቻ ስለሆኑ የሸራው ምሰሶ ለ አቭር፣ ኦንፍለር ወይም ሩዋን ላይ በክሬን ይወርዳል። በጭነት መኪና ከላካችሁት ተገላገላችሁ። ጀልባዋ ላይ ከጫናችሁት ግን በሦስት የእንጨት ድጋፍ፣ በፊት፣ በመሐልና በኋላ አስቀምጡት፤ ድጋፎቹ በእግራቸው የቆሙ ብቻ ሳይሆኑ ከወለሉ ጋር በብሎን የታሰሩ ይሁኑ። እግራቸው እንደ ጅማ በርጩማ ወደ ውጭ የተዘረጋ ሲሆን ጀልባዋ ከኤክሉዙ ግድግዳ ጋር ስትጋጭ አይንገዳገዱም። ምሰሶው ከጀልባዋ ይረዝማልና ጫፎቹ በፊትና በኋላ ይወጣሉ፤ ቀይ ጨርቅ እሰሩባቸው፤ ኤክሉዝ ውስጥ ስትቆሙም ርዝመታችሁን እርሱን ጨምራችሁ አስቡ።

መለኪያውና ዘንጉ

የጥልቀት መለኪያ መሣሪያው የሚያሳየው ከምን በታች ያለውን ነው? ከራሱ በታች፣ ከኪሉ በታች ወይስ ከውሃው ገጽ? ይህን ሳታውቁ አትነሡ። ወደብ ላይ ቆማችሁ በዘንግ ለኩና ቁጥሩን አስተያዩ። እኔ ከኪሉ በታች የቀረውን ብቻ እንዲያሳይ አድርጌ እሞላዋለሁ፤ በድካም ሰዓት መደመርና መቀነስ ያሳስታል። በቦይ ውስጥ አረም መሣሪያውን ያታልለዋል፤ የአረሙን አናት መሬት አድርጎ ይነግራችኋል።

ስለዚህ ዘንግ ይኑራችሁ። 2 ሜትር ተኩል የሚሆን ቀጥ ያለ እንጨት በየ10 ሳንቲሜትሩ ምልክት አድርጉበት፤ 1.65 ላይ በቀይ ፕላስተር ጠቅልሉት። ዘንጉ ቁጥር ብቻ አይሰጥም፤ ከሥር ያለውንም ይናገራል። መሬቱን ሲነካ ቀስ ብሎ ከሰመጠ ለስላሳ ደለል ነው፤ ኪል ሊያርሰው ይችላል። ቀው ብሎ ከመለሰ ድንጋይ ነው፤ ወደዚያ አትጠጉ።

ቀስ ማለት

የመመሪያው ልብ እዚህ ነው፤ ልጁም ያላመነኝ እዚህ ላይ ነበር። ስለዚህ ግቢያችን ውስጥ ወዳለው የከብት ማጠጫ ገንዳ ወሰድኩት። ገንዳው ጠባብና ረጅም ነው። ከማገዶው ላይ አንድ ጉማጅ እንጨት አነሣሁ፤ ከሥሩ ጠፍጣፋ ብረት መትቼበት፣ ከፊቱ ሲባጎ አሰርኩለት። ብረቱ ከገንዳው ወለል አንድ ጣት ከፍ እስኪል ድረስ ውሃ ቀዳንበት። ቀስ ብሎ ሲጎትተው ያለ ችግር ሄደ። «አሁን ሩጥበት» አልኩት። ሲጎትተው ውሃው ከፊት ተቆልሎ፣ ከእንጨቱ ጎንና ጎን ግን ዝቅ ብሎ ታየ፤ ብረቱም ወለሉን ጭረት አደረገው። ልጁ ጎንበስ ብሎ ሦስት አራት ጊዜ ደጋገመው።

ቦይ ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነው። ጀልባ ወደፊት ሲሄድ የገፋው ውሃ በጎኑና በሆዱ ሥር ሾልኮ ወደ ኋላ መመለስ አለበት። ቦዩ ጠባብ ከሆነ ውሃው ይፈጥናል፤ ውሃ ሲፈጥን ደግሞ ገጹ ይወርዳል፣ ጀልባውም አብሮ ይወርዳል። አወራረዱ ከፍጥነቱ በላይ ይጨምራል፤ ፍጥነቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን አወራረዱ አራት እጥፍ ይሆናል። በትናንሾቹ ቦዮች የሚፈቀደው ፍጥነት አብዛኛውን ጊዜ በሰዓት ከ6 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ነው። እናንተ በ4 ሂዱ። ከ6 ወደ 4 ስትወርዱ አወራረዱ ከግማሽ በታች ይሆናል።

ምልክቶቹን ተማሩ። ከኋላችሁ ያለው ማዕበል ከፍ ብሎ ዳሩን እየላሰ ከተከተላችሁ፣ መሪው ከከበደ፣ ሞተሩ ድምፁን ጨምሮ ጀልባዋ ግን ካልፈጠነች፣ ከኋላ የሚወጣው ውሃ ቡናማ ከሆነ ኪሉ ወደ ወለሉ እየተጠጋ ነው። ጀበና ቸኩሎ ያዘነበለ ሰው አተላውን ወደ ስኒው እንደሚያመጣው፣ ፕሮፔለሩም ደለሉን አንሥቶ ወደ ሞተሩ ማቀዝቀዣ ይልከዋል። ጋዙን ቀንሱ። አትጨምሩ፤ የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ስሜት መጨመር ነው።

በመሐል መሄድና መተላለፍ

የተቆፈረ ቦይ እንደ ገንዳ ነው፤ መሐሉ ጥልቅ፣ ዳሩ ተዳፋት። ስለዚህ በትክክል መሐሉን ያዙ። ወንዝ ግን ሌላ ነው፤ በጠመዝማዛው ላይ ውሃው የውጭውን ዳር ይቆፍራል፣ በውስጠኛው ላይ አሸዋ ያከማቻል፤ እዚያ የውጭውን ጎን ያዙ።

የተጫነ ጀልባ ከፊት ሲመጣ ቀኝ መያዝ ሕጉ ነው። ነገር ግን ቀድማችሁ ወደ ዳር አትሽሹ። ሁለታችሁም መሐሉን ይዛችሁ ቅረቡ፤ ፍጥነት ቀንሱ፤ አፍንጫችሁ ከአፍንጫው ጋር ሊገናኝ ሲል ብቻ ወደ ቀኝ ጥቂት ፈቀቅ በሉና ጭራው እንዳለፈ ወደ መሐል ተመለሱ። የጭነት ጀልባው ሲያልፍ ከጎናችሁ ያለውን ውሃ ስለሚስበው ጥልቀቱ ለጥቂት ሰኮንዶች ይቀንሳል። በቪ.ኤች.ኤፍ. ሬዲዮ ቻናል 10 ላይ አስቀድማችሁ ድራፍታችሁን ንገሩት፤ አብዛኞቹ መሪዎች ዕድሜያቸውን በውሃው ላይ ያሳለፉ ናቸውና ቦታ ይለቁላችኋል። በትልልቆቹ ወንዞች ላይ ሰማያዊ ሰሌዳና ብልጭ የሚል ነጭ መብራት ካሳየ በቀኝ ለቀኝ እንተላለፍ ማለቱ ነው።

በኤክሉዝ ውስጥ

ከመግባታችሁ በፊት ከጎን የሚፈሰውን ትርፍ ውሃ ተመልከቱ፤ አፍንጫችሁን ወደ ጎን ይገፋል፣ በወረደበትም ቦታ ደለል ይቆልላል። ገመዱን በብረት ጉቶው ላይ አዙራችሁ ጫፉን በእጃችሁ ያዙት እንጂ አትቋጥሩት፤ ውሃው ሲወርድ የተቋጠረ ገመድ ጀልባዋን ይሰቅላታል።

ስትወርዱ ከሁሉ የሚያሰጋው ደፉ ነው። የላይኛው በር ከሥሩ የድንጋይ ደፍ አለው፤ ውሃው ሲጎድል ደፉ ይወጣል። ወደ ኋላ የቀረ ጀልባ መሪው ወይም ኪሉ ደፉ ላይ ያርፍና አፍንጫው ወደ ታች ይተከላል። ግድግዳው ላይ የደፉን ልክ የሚያሳይ መስመር አለ፤ ከእርሱ አልፋችሁ ወደፊት ቁሙ፤ አንድ ሰውም ዓይኑን ከኋላ አያንሣ።

በሁለት ኤክሉዞች መካከል ያለው አጭር ውሃ ከፍና ዝቅ ይላል። በሩ ሲከፈት ከፊታችሁ ያለው የዳር ድንጋይ ከወትሮው በላይ እርጥበቱ ታይቶ ከተገኘ ውሃው ጎድሏል ማለት ነው። አትውጡ፤ ለኤክሉዙ ሠራተኛ ደውሉና ውሃ እንዲለቅ ጠይቁ። አቅም አለው፤ ያደርገዋልም።

ማደሪያን በጊዜ ፈልጉ። ዳሩ ተዳፋት ስለሆነ እንደ ሌሎቹ ጀልባዎች የትም መጠጋት አትችሉም። የተሠራ የድንጋይ ግንብ ያለበትን ቦታ ምረጡ፣ ሳትጠጉም በዘንጉ ፈትሹ። ረጅም መረማመጃ ሳንቃ ከያዛችሁ ከዳሩ ራቅ ብላችሁ ማሰር ትችላላችሁ።

ኪሉ ከነከሰ

በሁለተኛው ጉዞዬ የደረሰብን ይህ ነው። ምሽት ላይ የተጫነ ጀልባ መጣ፤ መሪያችን ቀድሞ ወደ ቀኝ ወጣ፤ ውሃው ተሳበ፤ ጀልባዋ ጎኗን ሰጥታ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ የተሠራው ስህተት ከመጀመሪያው ይከፋ ነበር። መሪው ሞተሩን ወደ ኋላ በሙሉ ኃይል አሥር ደቂቃ አስጮኸው። ማጣሪያው በጭቃ ተደፈነ፣ ሞተሩ ጋለ፣ ጀልባዋም አልተነቃነቀችም። ሁለት ቀን ሞተር ስንፈታ ዋልን።

መደረግ ያለበት እንዲህ ነው። ወዲያው ጋዙን ዝጉ። በዘንጉ ዙሪያችሁን ለኩ፤ ጥልቁ በየት በኩል ነው? ከሥር ጭቃ ነው ወይስ ድንጋይ? የመጣችሁበት መንገድ ያለፋችሁበት ነውና ከሁሉ የተሻለ መውጫ እርሱ ነው። ሁሉም ሰው ወደ አንድ ጎን ይሂድ፤ ጀልባዋ ስታዘነብል ኪሉ ጥቂት ያጥራል። ከዚያ በቀስታ ወደ ኋላ፣ ከግማሽ ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ። እምቢ ካለ መልሕቁን በትንሿ የመቅዘፊያ ጀልባ ወደ ጥልቁ ወስዳችሁ ጣሉትና ገመዱን በእጅ ማጠንጠኛ አጥብቁ፤ ወጥሮ ይቆይ። የሚቀጥለው የጭነት ጀልባ ሲመጣ ወይም ኤክሉዙ ውሃ ሲለቅ የሚነሣው ማዕበል ያነሣችኋል፤ የተወጠረው ገመድም ይስባችኋል። ብዙ ጊዜ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ነው መድኃኒቱ።

ሌላ ጀልባ ልጎትታችሁ ካለ ገመዱን በቀጥታ ወደ ኋላ ወይም ወደፊት ይሳብ። አፍንጫችሁን በኃይል ወደ ጎን እንዲስብ አትፍቀዱ፤ ኪሉን ከሆዱ ጋር የያዙት ብሎኖች የሚጎዱት እንዲህ ሲጠመዘዙ ነው። ከዚያ በኋላ የጀልባውን ወለል ከፍታችሁ ኪሉ የታሰረበትን ቦታ በባትሪ ተመልከቱ፤ አዲስ ውሃ ወይም ስንጥቅ ካለ ጉዞውን አቁሙ።

በየማታው የሞተሩን ውሃ ማጣሪያ አውጥታችሁ እጠቡ። አረም በሞላበት ቦይ በቀን ሦስት ጊዜ ልትከፍቱት ትችላላችሁ። የሙቀት መለኪያውን የሚያይ ሰው ይኑር። ከጭስ መውጫው ጋር የሚተፋው ውሃ ከቀነሰ ሞተሩ ከመጋሉ በፊት ቁሙ።

ሮን ከገባችሁ በኋላ ውሃው ጥልቅ ነው፤ ከሊዮን እስከ ባሕር ያሉት ኤክሉዞች 12 ብቻ ናቸው፤ የቦሌኑ ግን ከ20 ሜትር በላይ ስለሚያወርድ ግድግዳው እንደ ገደል ነው። ሮን ከባሕሩ ወደሚገናኝበት ወደብ፣ ወደ ፖር ሳን ሉዊ ስትደርሱ ምሰሶው ሳይቆም ጀልባዋን በክሬን አስወጧት፤ የኪሉን የታችኛውን ጫፍ፣ የመሪውን ማጠፊያና ብሎኖቹን በእጃችሁ ዳስሱ። ሰንሰለቱን መልሱ፣ ታንኩን ሙሉ፣ ድራፍቱን እንደገና ለኩ፣ መለኪያውንም በአዲሱ ልክ አስተካክሉ።

ልጁ በመጋቢት ከጅማ ተነሣ። ሻንጣው ውስጥ የብረት ሜትርና አንድ ጥቅል ቀይ ፕላስተር አለ፤ ዘንጉን ለ አቭር ይገዛል።